በክብረ መንግሥት ጓሮ የቆመው ካሚዮን

አንባቢ ሆይ፤ ሰው በሞተ ጊዜ ንብረቱን ቈጥሮ መጻፍ ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዘመን የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፥ በውርስ ዝርዝር ላይ የምትጻፍ አንዲት ቃል ወንድምን ከወንድም ታስታርቃለች፥ ወይም ታጣላለች። «ቤት» ተብሎ ሊጻፍ የሚገባው «ፍራሽ» ቢባል፥ «የቡና ተክል» የሆነው «ጠፍ መሬት» ቢባል፥ የሚለወጠው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የነገሩ ዕድል ሁሉ ይለወጣል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ክረምት፥ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት በተዘጉበት ወራት ወደ ክብረ መንግሥት ወርጄ፥ በአንድ አሮጌ ካሚዮን ምክንያት ይህንኑ ነገር እንደ ገና ተምሬ ተመለስሁ። ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል ብዬ ስላሰብሁ፥ እነሆ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በነሐሴ ወር ነው፤ ሰማዩ እንደ ተቀደደ ሆኖ ይዘንብ ነበር። በሻሸመኔና በሐዋሳ በኩል አልፌ፥ ከአፖስቶ ላይ የዲላውን ጎዳና ትቼ ወደ ወንዶ ታጠፍሁ። ከወንዶ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሀገረ ሰላም ይወጣል። በዚያ ደጋ እንሰቱና ቀርከሃው በጉም ተሸፍኖ፥ መንገደኛው ከፊቱ ያለውን መኪና በመብራቱ ካልሆነ በቀር አያየውም። ቦሬን አልፎ ቁልቁል መውረድ ሲጀመር ግን ጉሙ ይገፈፋል፤ አፈሩ ቀይ ይሆናል፤ የአንፈራራ ደን በዝግባውና በጥዱ ግርማ ለብሶ ይታያል። የዚያ አገር ዋና ዝናብ በበልግ ስለ ሆነ፥ እኛ በአዲስ አበባ ጭቃ ስንረግጥ ክብረ መንግሥት ደርቃ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍስባት ነበር።

ክብረ መንግሥት፥ አዶላም የምትባለው፥ በጉጂ ኦሮሞ አገር የምትገኝ የወርቅ ከተማ ናት። ከእርስዋ በታች ያለው መንገድ በዋደራ አድርጎ ወደ ነገሌ ቦረና ይወርዳል፤ ከዚያም ወዲያ የግመልና የከብት አገር የሆነው ሰፊው ቆላ ነው። ስለዚህ ከተማይቱ የደጋና የቆላ በር ሆና ኖራለች፤ ከላይ ቡናና እህል፥ ከታች ጨውና ቆዳ ይመጣባታል። ይህን ሁሉ ሲያመላልስ የኖረው በፊት የጭነት ከብት፥ በኋላም ካሚዮን ነው።

እኔ የሄድሁት ወደ አክስቴ ቤት ነው። ባለቤትዋ ሞቶ ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ፥ ልጆችዋ ርስቱን በሰላም እንዲካፈሉ ሽማግሎች ተቀምጠው ነበርና፥ አክስቴ «አንተ የጽሕፈት ሰው ነህና መጥተህ ዝርዝሩን ጻፍልን» ብላ ላከችብኝ። ቤቱን፥ ቡናውን፥ ከብቱን፥ በገበያው ያለችውን ሱቅ በአንድ ቀን ጽፈን ጨረስን። በማግሥቱ ወደ ጓሮው ስንሄድ ግን ከባሕር ዛፉ ሥር አንድ ካሚዮን ቆሞ አገኘን። ጎማዎቹ ፈራርሰው በቸርኬው ቆሟል፤ ጋቢናው ውስጥ ዶሮ እንቁላል ጥሎበታል፤ በካሶኒው መካከል የጉሎ ተክል በቅሎ ከሰው ቁመት በላይ ሆኗል።

የአክስቴ ታላቁ ልጅ በሻኪሶ ነጋዴ ነው፤ ዕዳም ነበረበት። «ይህንንማ ያገለገለ ብረት ብለህ ጻፈው፤ ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ሊወስደው ተስማምቶአል» አለኝ። ታናሹ በከተማይቱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ፊቱ ተለዋውጦ «ጋሼ፥ እባክዎን ብረት ብለው አይጻፉ! መኪና ብለው ይጻፉ፤ እኔ አስነሣዋለሁ» አለ። አክስቴም ከደጃፍዋ ቆማ፥ «ብረትም መኪናም አይደለም፤ ይህ ምርኮ ነው። አማቴ በዋደራ ጦርነት ከጣሊያን እጅ የማረኩት ነው። ይህን ጻፍ!» ብላ አዘዘች።

እንግዲህ ሦስት ቃል ቀረበልኝ፤ ብረት፥ መኪና፥ ምርኮ። የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሳይመረመር በወረቀት ላይ ማኖር የጸሐፊ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ለሽማግሎቹ «ሦስት ቀን ስጡኝ» ብዬ ለመንሁ፤ ፈቀዱልኝም።

የዋደራ ጦርነት ተረት አይደለም። በጥር 1928 ዓ.ም. ግራዚያኒ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶሪያ ወግቶ፥ በሞተር በሚሄድ ሠራዊት ነገሌን ያዘ። ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገላበጠ፤ ከኬንያ የተነሣው ጦር በ1933 ዓ.ም. ነገሌን አስለቅቆ ወደ ሰሜን ሲገፋ፥ ጣሊያኖች በዋደራ ዱርና ገደል ውስጥ መሽገው መንገዱን ዘጉበት። ሦስት ሳምንት ያህል ከተዋጉ በኋላ ግንቦት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ዋደራን ያስለቀቁት በእንግሊዝ ሥር የነበሩ የጎልድ ኮስት ወታደሮች፥ ማለትም የዛሬዪቱ ጋና ልጆች ናቸው። አፍሪካዊ ወታደር በአፍሪካ ምድር ፋሽስትን ያስለቀቀበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ የአገሩ ሰው ቢኮራበት ይገባዋል። ነገር ግን ጦርነቱ እውነት መሆኑ፥ ካሚዮኑ በዚያ መገኘቱን አያስረዳም። ምስክሩ ራሱ መጠየቅ ነበረበት።

መካኒኩ ልጅና እኔ ጉሎውን ቈርጠን፥ ዶሮዎቹን አባርረን ምርመራ ጀመርን። የካሚዮኑ የስም ሰሌዳ ተነቅሎ ጠፍቶአል፤ የቀሩት አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። መሪው በቀኝ በኩል ነው። ታላቁ ወንድም ይህን አይቶ «መሪው በቀኝ ከሆነ የእንግሊዝ ነው» አለ። ይህ ግን ለብቻው አይበቃም፤ በዚያ ዘመን የነበሩት የጣሊያን ከባድ ካሚዮኖች፥ ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ በአገራችን የተወራለት ፊያትና ላንቻውም ጭምር፥ መሪያቸው በቀኝ ነበረ።

ቀጥለን ኮፈኑን ከፈትን። ከላይ የተጠቀሱት የጣሊያን ካሚዮኖች በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው፤ ፊያቱ በረድፍ የቆሙ ስድስት ሲሊንደሮች አሉት፤ ላንቻው ሥሪ ሮ አምስት። የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ግን ስምንት ሲሆኑ፥ አራት አራት ሆነው እንደ ተከፈተ መጽሐፍ በሁለት ወገን ተጋድመዋል። ስምንት የካንዴላ ቀዳዳ አለው፤ እንግዲያው የቤንዚን ሞተር ነው። ለየወገኑም አንዳንድ የውሃ ፓምፕ ተሰጥቶታል። መካኒኩ ይህን ባየ ጊዜ «ፎርድ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ይሁን እንጂ ግራዚያኒ ለደቡቡ ጦር ከአሜሪካ ካሚዮን አስገዝቶ ስለ ነበረ፥ ፎርድ መሆኑም ብቻውን ምርኮነቱን አያፈርስም። አክስቴ ይህን ስነግራት ደስ አላት፤ ቡናም አፈላችልን።

በሁለተኛው ቀን ቁልፍ ወደ ማስገባት ሄድን። መካኒኩ የ14 ቊጥሩን ቁልፍ ቢሞክር አልገባም፤ የ15ቱን ቢሞክር ገብቶ በከንቱ ዞረ። ይህም ብሎኑ በሚሊ ሜትር ሳይሆን በኢንች የተለካ መሆኑን ያስረዳል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስንፍቀው በብዙዎቹ ብሎኖች ራስ ላይ «ኤፍ» የምትባለው የላቲን ፊደል ታትማ ተገኘች። ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል በልብስ ሰፊ ሜትር ስንለካ፥ ወደ 4 ሜትር ሆነ። የፊት እግሮቹም እንደ ኋለኞቹ ኃይል የሚቀበሉ ናቸው፤ በአራት እግር የሚጐትት ካሚዮን ነው ማለት ነው።

ማታ በፋኖስ ብርሃን እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርሁትን እንግሊዝኛ ይዤ፥ መካኒኩም በእጅ ስልኩ ያሉትን ሥዕሎች ይዞ አብረን ተቀመጥን። ነገሩም ተገለጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናዳ ከ800,000 የሚበልጥ የጦር ተሽከርካሪ ሠርታ ነበር፤ ከዚህም ከ400,000 የሚበልጠው አንድ ዓይነት ደንብ የተከተለ የካናዳ የጦር ካሚዮን ነው። ፎርድ በዊንዘር ከተማ፥ ጀነራል ሞተርስ በኦሻዋ ከተማ ሆነው፥ አፍንጫው የተደፈጠጠውን ያንኑ መልክ እየሠሩ ለእንግሊዝ መንግሥትና ለተባባሪዎቹ ጦር ያስረክቡ ነበር። አፍንጫው ያጠረውም መርከብ ላይ ሲጫን ቦታ እንዳይፈጅና ለጭነቱ ሰፊ ስፍራ እንዲተርፍ ነው። የእኛው በፊደልና በቊጥር «ኤፍ 60 ኤል» የሚባለው ሆነ፤ «ኤፍ» ፎርድ፥ «60» በእንግሊዝ ሚዛን 3 ቶን ጭነት፥ «ኤል» ረጅም ማለት ነው። የሞተሩ ኃይል 95 የፈረስ ጉልበት ነበረ።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ እርሱም ሁሉን የሚፈርድ ነው። የዚህ ካሚዮን ጋቢና ሦስት ጊዜ መልኩን ለውጦአል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋቢናዎች 11ኛና 12ኛ ተብለው ሲጠሩ፥ የኋለኛው 13ኛ ይባላል። የ13ኛው ምልክት የፊት መስተዋቱ ነው፤ ከላይ ወደ ፊት ወጥቶ፥ ከታች ወደ ነጂው ገባ ብሎአል። ይህም የፀሐይ ነጸብራቅ እንዳያስቸግርና ካሚዮኑን ለጠላት አውሮፕላን እንዳያሳብቅበት ነው። የእኛው ካሚዮን መስተዋት ቢሰበርም፥ ክፈፉ ያለ ጥርጥር ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነበረ። ይህም ጋቢና መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1941 መገባደጃ ነው፤ በእኛ 1934 ዓ.ም. ነው። ዋደራ የተለቀቀው ግን በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ያልተወለደ ሰው በጦር ሜዳ እንደማይማረክ ሁሉ፥ ያልተሠራ ካሚዮንም አይማረክም።

በሦስተኛው ቀን በሽማግሎች ፊት ይህን ስናገር አክስቴ ነጠላዋን ወደ ፊትዋ ሳበች። «እንግዲህ አማቴ ዋሽተው ኖረዋላ» አለች። ከዚህ ቃል በላይ የከበደኝ የለም። ሽማግሎቹም ዝም አሉ። ታላቁ ልጅ «እንዲህ ከሆነ ምን ያስጨንቀናል? ይመዘን» አለ። እኔም በዚያች ሰዓት ስለ እውነት ብዬ የአንዲት አሮጊት ክብር ያፈረስሁ መስሎኝ አዘንሁ።

ነገር ግን የጸሐፊ ልማድ አይለቅምና፥ «የአማትሽ ወረቀት የሚቀመጥበት ሣጥን አለን?» ብዬ ጠየቅኋት። ከአልጋ ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ወጣ። በውስጡ የግብር ደረሰኞች፥ አንድ መስቀልና በጨርቅ የተጠቀለለ የውል ወረቀት ነበረ። ወረቀቱ በሚያዝያ 1941 ዓ.ም. በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው። ቃሉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ የአክስቴ አማት በነገሌ ከሚኖር አንድ ነጋዴ «አንድ ከጦር የተረፈ የፎርድ ካሚዮን» ገዙ፤ ዋጋውንም በሦስት ዓመት ውስጥ ከፊሉን በገንዘብ፥ ከፊሉን በቆዳና በቡና ሊከፍሉ ተዋዋሉ፤ ካልከፈሉ ግን ታናሽ ወንድማቸው ዋስ ሆኖ፥ ያሉትን አራት በሬዎች አስይዞ ፈርሞአል። ከግርጌው ሁለት የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከጀርባው ደግሞ በሌላ እጅ «ሙሉውን ተቀብያለሁ» ተብሎ በ1944 ዓ.ም. ተጽፎበታል።

ወረቀቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከሽማግሎቹ አንዱ፥ የዘጠና ዓመት ዕድሜ ያላቸው፥ ራሳቸውን ነቀነቁና፥ «አዎን! እርሳቸው ማረክሁ ብለው አያውቁም። ያወራነው እኛ ልጆቹ ነን። ካሚዮኑ የጦር መልክ ስለ ነበረው ከዋደራ ጋር አገናኘነው፤ እርሳቸውም ስቀው ዝም ይሉ ነበር» አሉ። እንግዲህ ሟቹ አልዋሹም፤ ወሬው ነው ያደገው።

አክስቴም ወረቀቱን ተቀብላ አሻራዎቹን በጣትዋ ዳሰሰቻቸው። «ሦስት ዓመት ከፈሉ በለኛ» አለች። «አዎን፤ ሦስት ዓመት» አልኋት። «ምርኮማ የአንድ ቀን ነገር ነው» አለችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

ታላቁ ልጅ ግን ዓይኑን ያሳረፈው በዋሱ ስም ላይ ነው። ታናሽ ወንድም ለታላቁ አራት በሬ እንዳስያዘ ባነበበ ጊዜ ብዙ ዝም አለ። ከዚያም ወደ ወንድሙ ዞሮ፥ «ከከብቱ ድርሻህ ምን ያህል ትለቅልኛለህ?» ሲል ጠየቀው። መካኒኩም «ሁሉንም» አለ። ታላቁ ግን ግማሹን ብቻ ወሰደ፤ በዚያም ዕዳውን አቃለለ፤ ቁራሌውም ባዶ ሚዛኑን ይዞ ሄደ። እኔም በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አንድ በካናዳ አገር ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ፥ ባለ ስምንት ሲሊንደር፥ 3 ቶን የሚጭን የፎርድ የጦር ካሚዮን፤ በሚያዝያ 1941 ዓ.ም. በውል የተገዛ፤ ለታናሹ ልጅ»። ብረትም ምርኮም አላልሁም።

በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ሁለተኛ ጊዜ ብወርድ ጓሮው ጋራዥ ሆኖ አገኘሁት። መካኒኩ ሥራውን ያስኬደው በትዕግሥት ነው። ሁለት ፒስቶኖች በዝገት ተጣብቀው ነበርና፥ በመዶሻ ከመምታት ይልቅ የሞተሩን ሁለቱን ክዳን አውርዶ፥ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅሎ በየሲሊንደሩ አፍስሶ ሳምንታት አስቀመጠው፤ ኋላም በእንጨት ቀስ ብሎ ቢነካው ተላቀቀ። የዚህ ፎርድ ሞተር የታወቀ ድካም ሙቀት ነው፤ ትኩሱ ጢስ በሲሊንደሮቹ አካል ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ውሃው ፈጥኖ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩንና የሞተሩን የውሃ መንገድ ከዝቃጭ ሳያጠራ እሳት እንዳያስነሣ ወስኖ፥ ሁለቱንም ፓምፖች አደሰ። የመብራቱ ኃይል 6 ቮልት ስለ ሆነ የዛሬውን የ12 ቮልት ባትሪ በችኰላ አልገጠመበትም። ቸርኬዎቹ ሁለት ግማሽ ሆነው በብሎን የተጋጠሙ ናቸው፤ የጎማው አየር ሳይወጣ እነዚህን ብሎኖች የሚፈታ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል፥ ልጆች እንኳ እንዲያውቁት በቀይ ቀለም ቀባቸው።

ስለ ቀለሙ ክርክር ተነሣ። በላይ ያለው ሰማያዊ የነጋዴ ቀለም ነው፤ እርሱ ሲፋቅ አረንጓዴ፥ ከአረንጓዴው በታችም አፈር የመሰለ የጦር ቀለም ተገኘ። ጎረቤቶቹ «በበሩ ላይ ዋደራ 1933 ብለህ ጻፍበት፤ እንግዳ ይወደዋል» ብለው መከሩት። መካኒኩ ግን ሦስቱም ቀለም እንዲታይ በበሩ ላይ አንድ የእጅ መዳፍ የምታህል ስፍራ ሳይነካ ተወ፤ የቀረውን በሰማያዊው ቀባ። «አባቴም አያቴም የነዱት በዚህ ቀለም ነው» አለኝ።

ያን ዕለት በማኖቬላ አዙሮ ሞከረው። ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። በሦስተኛው ሞተሩ ተነሣ፤ ባሕር ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ በረሩ። ፍሬኑ ገና ስላላለቀ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ ታላቁ ወንድም ግን ከሻኪሶ መጥቶ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ቆመ፤ እንደ ሕፃንም ሳቀ። አክስቴ ከደጃፍዋ ሆና ጆሮዋን ይዛ፥ «ይኸው ነው ድምፁ! ሙሽራ ሆኜ የመጣሁት በዚህ ነው» አለች። ይህን ከዚያ በፊት ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር፤ የምርኮው ወሬ የእርስዋን ታሪክ ሸፍኖት ኖሮአል።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆናችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ በየጓሮአችሁ የቆመውን አሮጌ ነገር ለሚዛን ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት። ብሎኑን እዩ፥ ክፈፉን ለኩ፥ የአልጋ ሥር ሣጥን ክፈቱ፤ ከሁሉም በፊት ሽማግሎቹን በሕይወት ሳሉ ጠይቁአቸው። የተገኘው እውነት ከጠበቃችሁት ያነሰ መስሎ ቢታይ አትደንግጡ፤ በክብረ መንግሥት እንዳየሁት፥ የተዋሰው ክብር ሲወድቅ ከሥሩ የራሳችሁ ሊወጣ ይችላል።